ውሃችሁን የያዘው ሰው

አንዲት ሴት ጠዋት፣ ቆላ ባለ አንድ የወታደር ማሠልጠኛ ጣቢያ፣ ከሕክምናው ድንኳን ስትወጣ፣ አንድ ሽማግሌ የእሷን ኮዳ ወገባቸው ላይ ሲያስሩ አየች።

ኮዳ ታውቃላችሁ፤ ወታደር የመንገድ ውሃውን የሚይዝበት ነው። የእሷ ደግሞ ስሟ በነጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል። በስህተት የሚወሰድ አይደለም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ያ የእኔ ነው» አለች።

«አውቃለሁ። መንበረ ይላል እኮ። ማንበብ እችላለሁ።»

«ታዲያ ይስጡኛ!»

«አልሰጥም» አሉ ሽማግሌው፣ ቀበቷቸውን ጠበቅ እያደረጉ።

የተሰለፉት ሁሉ ሳቁ። «መምህርት፣ ፖሊስ እንጥራልሽ?» አለ አንዱ። መንበረ ፊቷ ጋለ። በዚህ ዕድሜያቸው የሰው ውሃ ይቀማሉ እንዴ?

መንበረ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት። ደግሞም የተጠባባቂ ኃይል አባል ናት። ተጠባባቂ ዓመቱን በየሥራው ይኖራል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለሥልጠና ይጠራል፤ አገር ሲቸገር ደግሞ ይነሳል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ፣ እሷም ከአናጢው፣ ከነርሷ፣ ከገበሬው ጋር አንድ ዓይነት ልብስ ለብሳ በዚያ ቆላ ትሰለፋለች።

ሃምሳ አለቃው ሳቁን ሰምቶ መጣ። ለጣቢያው አዲስ አሠልጣኝ ነው። ያን ጠዋት የሰጠው ትእዛዝ፣ መንበረ የተላጠ ተረከዟን ስታስጠቀልል አምልጧት ኖሯል።

«እኔ ዘንድ ማንም የራሱን ውሃ አይዝም» አላት። «ጥንዱ ይይዝለታል። ያንቺ ጥንድ ጋሽ ላቀው ናቸው። ውሃሽ እሳቸው ጋ ነው፣ የእሳቸውም አንቺ ጋ። እንግዲህ ተያይታችሁ ሂዱ።»

ጋሽ ላቀው የራሳቸውን ኮዳ በሁለት እጃቸው አቀበሏት። «አደራ» አሉ። «ይኼን የሚያህል ሆድ ያለ ውሃ አይንቀሳቀስም።»

መንበረ አልሳቀችም። ልቧ ሌላ ቦታ ነበር።

ባለፈው ዓመት ለቡድን መሪነት ታጭታ፣ በእግር ጉዞው ቀን ዘግይታ ቀርታለች። «ድሮስ ጠመኔ የለመደ እጅ!» ያሏት አሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ያ ቃል አብሯት ተኝቶ አብሯት ተነሳ። የዘንድሮው ጉዞ ዛሬ ነው፤ ፊሽካው ሳይነፋ ወንዙ ዳር የደረሰ ለመሪነት ይታያል፤ የዘገየ አይታይም። ጥንዱ የት ቀረ ብሎ የሚጠይቅም የለም።

ጋሽ ላቀው ወፍጮ ቤት አላቸው። ወሬ ይወዳሉ፤ ጉልበታቸው ደግሞ አይታዘዝም። ረፋዱ ላይ በየዳገቱ ይቆሙ ጀመር። ቀትር ላይ አንድ ግራር ሥር ቁጭ አሉ።

«አልቻልኩም፣ ልጄ።»

መንበረ ወደ ፊት አየች። የሰልፉ አቧራ እየራቀ ነው።

«ሂጂ» አሏት። «ከኋላ የሚመጣው መኪና ያነሳኛል። ጉጉትሽን ፊትሽ ላይ እያየሁት እንዴት ላስቀርሽ? ሂጂ እንጂ!»

ሄደች። ወገኖቼ፣ አትፍረዱባት። ሂጂ ተብላ ነው የሄደችው። በዚያ ሰዓት ስለ ውሃ ማን አሰበ?

ሰልፉ ላይ ለመድረስ ሮጠች፣ ተራመደች፣ ደግሞ ሮጠች። ጉሮሮዋ ሲደርቅ እጇን ወደ ወገቧ ሰደደች፤ ከፈተች፤ ወደ አፏ አቀረበች። ያኔ ነው ያስታወሰችው። የያዘችው የእሷ ውሃ አይደለም።

ምን ታድርግ? ከፊቷ ወንዙ አለ፣ ሹመቱ አለ፣ ያን ቃል ያሉትን ሰዎች አፍ ማስያዝ አለ። ከኋላዋ ግራር ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ደግሞስ የእሷ ውሃ እሳቸው ጋ አይደል? ጠምቷቸው እንደሆነ ይጠጡታላ! ምን ይጎዳል፣ ተለዋወጡ ማለት እኮ ነው።

እንዲህ እያለች ከራሷ ጋር ተሟገተች። ክርክሩንም አሸነፈች። ነገር ግን ውሃው ከከንፈሯ አላልፍ አላት። ውሃቸውን ይዛባቸው ሄዳለች፤ ደግሞ ሳትነግራቸው ትጠጣ? ክዳኑን ገጠመችና ተመለሰች። እንባዋ እየመጣ፣ በንዴት እየተራመደች፣ ተመለሰች።

ጋሽ ላቀው እዚያው ነበሩ። መኪናው አልመጣም። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል፤ የእሷ ኮዳ ጭናቸው ላይ ነው። አንስታ ነቀነቀችው። ሙሉ ነው።

«ጋሼ! አልጠጡም?»

«ያንቺ ነዋ።»

«በዚህ ፀሐይ? ቢሞቱስ?»

«መንገድ ላይ ጠምቶሽ ብትመለሺስ?» አሉ። ድምፃቸው ተሰነጣጥቋል። «ባዶ ዕቃ ልስጥሽ?»

መንበረ አጠገባቸው ተንበረከከች። የያዘችላቸውን ኮዳ ከፍታ ወደ አፋቸው አስጠጋች። እሳቸው ግን እጇን ያዙ።

«አንቺ ቅመሽ መጀመሪያ።» የእሷን ኮዳ አቀበሏት። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «ከፍተሽው ነበር እንዴ፣ የእኔን?»

«ከፍቼው ነበር» አለች አንገቷን ደፍታ። «አልጠጣሁም።»

«እኔም ያንቺን ከፍቼ አሽትቼዋለሁ። ኃጢአታችን እኩል ነው» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው፤ እሷም ጀርባቸውን እየደበደበች፣ እያለቀሰች፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አብራቸው ሳቀች።

ተወዳጆች ሆይ፣ ሁለቱም ሙሉ ውሃ ይዘው ሁለቱም ተጠምተው ነበር። አያችሁት?

ውሃ አልጠፋም። የጠፋው አጠገባቸው ያለ ሰው ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ራሱን የመረቀ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ራሱን ያጽናና ሐዘንተኛስ? ለበደሉ ራሱ ይቅር ብሎ፣ ራሱ ታርቆ፣ በሰላም የተኛ ሰው አለ? እግዚአብሔር ለመንገዳችን ከሚያስፈልገን ብዙውን ነገር በገዛ ወገባችን ላይ አላንጠለጠለውም። ለሌላ ሰው አስያዘው። ለምን ይመስላችኋል? ተያይተን እንድንሄድ አይደል?

እኛ ግን እንቸኩላለን። አንተ ወንድሜ፣ የአባትህን ድምፅ ከሰማህ ስንት ጊዜህ ነው? አንቺስ እህቴ፣ አብራሽ ያደገችውን፣ በአንድ ቃል የተቀያየምሻትን፣ እሷም «ሂጂ» አለችኝ ብለሽ ትተሻት አልሄድሽም? ሂጂ ማለቷ እውነት ነው። ግን የልቧ ነበር?

ደግሞ ወገባችሁን ዳስሱ። የማን ውሃ አለ እዚያ? ለአንድ ሰው ልትሉት ያሰባችሁት፣ ቆይቶ ይባላል ያላችሁት መልካም ቃል የለም? ያ ቃል የእናንተ አይደለም እኮ። አደራ ነው። ባለቤቱ አንድ ቦታ ከንፈሩ ደርቆ ተቀምጧል፤ ምናልባት እዚህ ከእናንተ ኋላ ባለው ወንበር ላይ። ለእናንተ የያዘውንም ሳይነካ እየጠበቃችሁ ይሆናል።

መመለስ ያዘገያል። እውነቱን እንነጋገር፣ ያዘገያል። የተመለሰ ሰው ሁልጊዜ ሹመቱን አያገኝም፤ የሚያጨበጭብለትም ላይኖር ይችላል። እንዲያም ሆኖ ተመለሱ። ዛሬ፣ ከዚህ ስትወጡ።

እነዚያ ሁለቱስ ምን ሆኑ ትሉኛላችሁ። ተደጋግፈው ወንዙ ዳር ሲደርሱ ፊሽካው ከተነፋ ቆይቷል፤ የቡድን መሪነቱም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። መንበረ ለተመረጠው ሰው እጇን ዘርግታ እንኳን ደስ አለህ አለችው። ከዚያ የጋሽ ላቀውን ጫማ ፈታችላቸው፤ ሁለቱም እግራቸውን ወንዙ ውስጥ ከተው ተቀመጡ።