ዶሮ አውድማ

ከቅንጭብ በር ወንዝ በላይ፣ ዙሪያዋን በኮሶ ዛፍ የተከበበች አንዲት ጠፍጣፋ ጉብታ አለች፤ ስሟ ዶሮ አውድማ ይባላል። በታኅሣሥ ወር ያለፈባት እንግዳ መገረሙ አይቀርም። በሌላው አገር ዶሮ ከአውድማ ድርሽ እንዳትል በድንጋይ ትባረራለች። እዚህ ግን ገብሱ ተወቅቶ ገለባው ተለይቶ ንጹሑ ምርት ሲቆለል፣ የቤቱ እመቤት አንዲት ዶሮ ከብብቷ አውጥታ ክምሩ አናት ላይ ታስቀምጣለች። ዶሮዋ ጭራ እስክትጠግብ ድረስ ቁና የሚያነሣ የለም፣ እሽ የሚላትም የለም። ሽማግሌዎቹ ምክንያቱን ሲጠየቁ እስከ ዛሬ ፊታቸው ይቋጠራል።

እንደሚነገረው በጥንት ዘመን ያ ምድር የአዛዥ ዘጊዮርጊስ ጉልት ነበር። ገበሬው ካመረተው ላይ አዛዡ ድርሻውን፣ ደብሩም አስራቱን ይወስዳሉ፤ ይህ በየአገሩ የነበረ ነው። የዚህኛው አገር መከራ ግን ማኅተሙ ነበር። ምርቱ እንደተቆለለ የአዛዡ ምስለኔ አንበሳ የተቀረጸበትን እንጨት፣ የደብሩ መጋቢ ደግሞ መስቀል የተቀረጸበትን በክምሩ ላይ ተጭነው፣ አመድ ነስንሰውበት፣ ዘበኛ አቁመው ይሄዳሉ። ሁለቱ ባሉበት እስኪሰፈር ድረስ ባለቤቱ አንዲት ፍሬ አይቀምስም፤ ማኅተሙን ያፈረሰ እጁ ይቆረጣል። አንድ ዓመት ታዲያ «እኔ አስቀድሜ ልስፈር፣ እኔ አስቀድሜ ልስፈር» ሲባባሉ ምስለኔውና መጋቢው ተኳረፉና ሁለቱም ቀሩ። እነሱ በየቤታቸው ጠግበው ሲያኮርፉ፣ ያረሰው፣ ያረመውና ያጨደው ሰው ከገዛ እህሉ ፊት ተቀምጦ ይራብ ጀመር።

እኅተ ጽዮን የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ልጇ ትርሲት የበኩር ልጇን፣ ወንድ፣ የተገላገለችው ክምራቸው በታተመ በሳምንቱ ነው። የዓምናው እህል ተሟጥጧል። እኅተ ጽዮን ከነበሯት ስድስት ዶሮዎች አምስቱን ለአራሷ አርዳ፣ ስድስተኛዋን ለክርስትናው ቀን ብላ አስቀረቻት። ከዚያ በኋላ የትርሲት ምግብ የጎመን ቅቅል ሆነ፤ ጡቷም ደረቀ። እናቲቱ ሦስት ጊዜ ወደ ምስለኔው፣ ሦስት ጊዜ ወደ መጋቢው ደጅ ተመላለሰች ይባላል።

«ጌታዬ፣ ልጄ አራስ ናት፤ ለአጥሚት የምትሆን አንዲት ቁና ብቻ ይፍቀዱልኝ» ብትለው፣ ምስለኔው «መጋቢው ይምጣና» አላት። መጋቢውም እግሩን ስማ ብትለምነው «ምስለኔው ይቅደም» አላት።

ሕፃኑ በተወለደ በሠላሳ ሦስተኛው ቀን፣ ክርስትና ሊነሣ ሰባት ቀን ሲቀረው ሞተ። መጋቢው ለዚህ ግን ጊዜ አልፈጀም፤ ያልተጠመቀ ልጅ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይቀበርም ሲል በዚያው ዕለት ላከባት። እኅተ ጽዮን የልጅ ልጇን ከአውድማው ጠርዝ፣ ከታተመው ክምር ጥቂት እርምጃ ርቃ በገዛ እጇ ቆፍራ ቀበረችው። እንባ አልወጣትም ይላሉ፤ ንዴት አድርቋት ነበር።

በማግስቱ ዘበኛው እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው፣ ለክርስትናው የተቀመጠችው ዶሮ ክምሩ ላይ ወጥታ ጫረችው። አንበሳውም መስቀሉም ድራሻቸው ጠፋ። ዘበኛው ነቅቶ እየጮኸ ሮጠ። አርባ ቀን ሙሉ መንገዱ የጠፋባቸው ሁለቱ ጌቶች፣ ቀትር ሳይሆን በበቅሎ ከተፍ አሉ!

«አንቺ ሴትዮ፣ የአዛዡ ማኅተም በደጅሽ ፈርሷል፤ እጅሽን ትሰጫለሽ» አላት ምስለኔው።

«መስቀሉም ተደፍሯል፤ ሁለቱ በሬዎቿ ለደብሩ ይነዱ» አለ መጋቢው። ያኔ ተስማሙ።

እኅተ ጽዮን በዙሪያዋ የቆመውን ሰው አንድ በአንድ አየችው። ከዚያም «ልጁ ሲራብ አልመጣችሁም» አለች። «ሲሞት አልመጣችሁም። ለዶሮ ጥፍር ግን በቅሎ ጭናችሁ መጣችሁ! እጄን ነው የምትፈልጉት? ይኸው እጄ!» ብላ ሁለት እጆቿን እስከ ክርኗ ገብሱ ውስጥ ከተተቻቸው። እፍኟን ሞልታ አወጣችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ «ለልጄ ነው፤ የሚከለክለኝ ይምጣ» አለች።

ምስለኔው ሰይፉን መዘዘ፤ ከዚያ በኋላ ግን ትእዛዙን የሰማ የለም። ከገበሬው መንሽ የያዘ በመንሽ፣ ላይዳ የያዘ በላይዳ ተነሣ። ሁለቱ ሰዎች በቅሎዎቻቸውን ጥለው በእግራቸው ገደሉን ወረዱ፣ የማኅተም እንጨቶቻቸውም ማገዶ ሆኑ። በዚያው ዕለት ትርሲት አጥሚቷን ጠጣች፤ እያለቀሰች ነው የጠጣችው ይባላል። በሳምንቱ ሕዝቡ የአዛዡን ጎተራና የደብሩን ዕቃ ቤት ከፍቶ ያለውን ተካፈለ፤ ሁለት መኸርም ያለ ማኅተም በላ።

በሦስተኛው ዓመት አዛዥ ዘጊዮርጊስ ብዙ ፈረሰኛ ይዞ መጣ። መንደሩን አቃጠለ፣ እኅተ ጽዮንንም ከአሥራ አንድ ገበሬዎች ጋር በእነዚያ በኮሶዎቹ ላይ ሰቀላት። አስከሬናቸው እንዳይወርድ ከልክሎ፣ ከሥራቸው በተቆለለው ገብስ ላይ አዲስ ማኅተም አስመታ።

ሲነጋ ትርሲት ዶሮዋን በብብቷ ይዛ መጣች። ወታደሮቹ እያዩዋት በታተመው ክምር ላይ ለቀቀቻት። ወዲያው ጎረቤቷም የራሷን ለቀቀች፤ ከዚያ የመንደሩ ሴት ሁሉ። ከአዛዡ ጋር የተመለሰው ምስለኔ ዶሮ ሁሉ ይታረድ ብሎ አዘዘ፤ ጋሻና ጦር የያዘ ጭፍራ ቀኑን ሙሉ ዶሮ ሲያባርር ዋለ። ሴቶቹ ጫጩት በቅርጫት፣ ጫጩት በቀሚሳቸው ሸሸጉ፤ በየዓመቱ ማኅተም ሲመታ በየዓመቱ ዶሮ ይለቀቅ ነበር። አዛዡ የሁሉንም እጅ ቆርጦ ማን ሊያርስለት ነው? በሰባተኛው ዓመት ነው ይላሉ፣ ማኅተሙ የቀረው።

ዛሬ የቄሱም ምርት ቢሆን ዶሮ ሳትጭረው አይሰፈርም። ከአውድማው ጠርዝ ላይ ስም የሌለው ትንሽ ድንጋይ አለ። ዶሮዋ ጠግባ ስትወርድ የመጀመሪያው ቁና ይሞላል፤ የሞላችው ሴት ከድንጋዩ ዘንድ ጥቂት ቆማ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ወደ አራስ ቤት ይዛው ትሄዳለች።