ከገደሉ «አለሁ» ያለው ድምፅ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። በአንድ ጠባብና ጥልቅ ገደል ግራና ቀኝ ሁለት አሮጊት እህትማማቾች ይኖሩ ነበር። ታላቂቱ ማንጠግቦሽ ከወዲህ፣ ታናሺቱ ድንቅነሽ ከወዲያ ማዶ። ድንቅነሽ ዓይኗ አያይም። ጠዋት ጠዋት ደጇ ላይ ቆማ «እታለም፣ አለሽ?» ብላ ትጣራለች። ማንጠግቦሽም ደጃፏ ላይ ወጥታ «አለሁ!» ትላታለች። ሁለቱም ከዚያ በኋላ ነው ቀናቸውን የሚጀምሩት።

አንድ ቀን ማንጠግቦሽ እንስራ ስታነሳ ወገቧ ቀጭ አለ። ጉልበቷማ ድሮም ያበጠ፣ ሲታጠፍ የሚንቋቋ ነበር። አልጋ ላይ ወደቀች። ጎረቤቶቿ «ነርሷን ሲስተር ውቢትን እንጥራልሽ?» ቢሏት፣ «ተዉኝ! አጥንትሽ ተሰብሯል ብትለኝስ?» ብላ እምቢ አለች።

ጭጋግ ወረደ። ድንቅነሽ ተጣራች። ማንጠግቦሽ ከአልጋዋ «አለሁ» አለች፤ ድምጿ ግን ከግድግዳው አላለፈም። ያኔ ከገደሉ ውስጥ፣ ከታች፣ አንድ ድምፅ «አለሁ» አለ። ድምፁ የራሷ የማንጠግቦሽ ነው።

«ወዴት ነሽ?» አለች ድንቅነሽ።

«እዚህ ነኝ፤ ነይ» አለ ድምፁ። የድንቅነሽ ዱላ ድንጋዩን ቋ፣ ቋ እያደረገ ከደጇ ራቀ፤ ያን ቀን ግን ጥቂት ሄዳ ተመለሰች።

ማንጠግቦሽ ለጎረቤቶቿ ብትነግራቸው፣ «የገደል ማሚቶ ናት፣ አይዞሽ» አሏት። የገደል ማሚቶ የሰማችውን ትደግማለች እንጂ «ነይ» ትላለች እንዴ?

ማንጠግቦሽ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደጃፉ ላይ ደርሳ መጣራት። «ጉልበቴ፣ ደጅ አድርሰኝ» አለችው። ከብርድ ልብሱ ስር ቀጭን ድምፅ መጣ፤ «ጭን ካልደገፈኝ አልታጠፍም።»

በማግስቱ ድምፁ ደግሞ ጠራት፤ ዱላው ከአጥሩ አለፈ። «ጭኔ፣ ጉልበቴን ደግፈው» አለችው። «ወገብ ካልቀና አልደግፍም» አላት። ጭን አልደግፍም አለ፣ ጉልበት አልታጠፍም አለ፣ ድንቅነሽ ወደ ገደሉ ትሄዳለች።

ደግሞ ነጋ። ዱላው ከግራሩ አለፈ። «ወገቤ፣ ቅና በለኝ» ብትለው፣ «አልጋ ካልለቀቀኝ አልቀናም» አላት። ወገብ አልቀናም አለ፣ ጭን አልደግፍም አለ፣ ጉልበት አልታጠፍም አለ፣ ድንቅነሽ ወደ ገደሉ ትሄዳለች።

ደግሞ ነጋ። ዱላው ከሣሩ ወጥቶ አለቱን መታ። «አልጋዬ፣ ልቀቀኝ» ብትለው፣ «ከላይሽ የተቀመጠው ካልወረደ እንዴት አድርጌ?» አላት። ቀና ብላ አየች። ደረቷ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። ፍርሃት ነው።

«ውረድ!» አለችው።

«ብወርድ ትነሻለሽ፤ ብትነሺ ትሰባበሪያለሽ። አጥንትሽን ዳስሶ የሚነግርሽ ካልመጣ አልወርድም።»

ፍርሃት አልወርድም አለ፣ አልጋ አልለቅም አለ፣ ወገብ አልቀናም አለ፣ ጭን አልደግፍም አለ፣ ጉልበት አልታጠፍም አለ፣ ድንቅነሽ ወደ ገደሉ ትሄዳለች።

በዚያው ሰዓት ሲስተር ውቢት በበሩ ስታልፍ ኮቴዋ ተሰማ። ማንጠግቦሽ ባላት አቅም «ሲስተር! ግቢልኝ!» አለች።

ሲስተር ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። «እትዬ፣ ወድቀው ነበር? እግርዎ ይደነዝዛል? ሽንት ያመልጥዎታል? ያተኩስዎታል? ከስተዋል?»

«የለም፣ የለም።»

አከርካሪዋን አንድ በአንድ ዳሰሰች፣ እግሯን ቀጥ አድርጋ አነሳች፣ በእጇ ይዛ «ይግፉኝ» አለቻት። ገፋቻት።

«የተሰበረ ነገር የለም። የወገብዎ ጡንቻ ተኮማትሮ ነው። ጉልበትዎ ደግሞ በአጥንቶቹ መሃል ያለው ለስላሳ አጥንት ሳስቷል፤ እሱ እንደ ድሮው አይሆንም። ግን መራመድ አይጎዳውም፣ የጎዳዎት መተኛቱ ነው።»

«ያመኛል እኮ፣ ልጄ።»

«ያምዎታል። መታመም ግን መሰበር አይደለም። በጎንዎ ይዙሩ፣ እግርዎን ያውርዱ፣ በክንድዎ ይግፉ።»

ከውጭ «እታለም፣ አለሽ?» የሚል ጥሪ መጣ። ዱላው የገደሉ አፋፍ ላይ ነው።

ፍርሃት ወረደ፣ አልጋ ለቀቀ፣ ወገብ ቀና፣ ጭን ደገፈ፣ ጉልበት ቋ ብሎ ታጠፈ፣ ማንጠግቦሽ ሲስተርን ተደግፋ ደጃፉ ላይ ደረሰች!

«ድንቅነሽ! ቁሚ!» ብላ ጮኸች።

«ድንቅነሽ! ነይ!» አለ ገደሉ፣ በዚያው ድምፅ።

ድንቅነሽ ግራ ገባት። አንድ እግሯን አነሳች።

ማንጠግቦሽ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ማንም ጠርቶት የማያውቀውን የእህቷን የልጅነት ቅጽል ስም ጠራች። «አንቺ ቁንጫ! ቁሚ ብያለሁ!»

የድንቅነሽ እግር ተመለሰ። ከስሩ አንድ ድንጋይ ተንሸራቶ ወረደ፤ ሲያርፍ ግን አልተሰማም።

ማንጠግቦሽ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተራመደች፣ ጉልበቷን በሞቀ ጨርቅ እየያዘች፣ አንድ ቀን ከገደሉ ራስ ርቆ ባለው ድልድይ ዞራ እህቷን ወደ ቤቷ አመጣቻት። ዛሬም ጉልበቷ ይንቋቋል፣ ወገቧም ብርድ ሲሆን ያማታል። ጭጋግ በወረደ ጠዋት ከገደሉ አንድ ድምፅ «ቁን… ቁን…» እያለ ሲሞክር ይሰማል። እህትማማቾቹ አይመልሱለትም። ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ ሲስተር እንዳዘዘቻቸው፣ ዳገቱን ይወጣሉ።