ትኩነሽና አልዘጋ ያለው በር

ጆሮ ያለው ይቅረብ። ተረቴ ራሷ ትንሽ ናት፤ ጅራቷ ግን እየረዘመ ይሄዳል።

በቆላ አገር፣ ምስጥ በሚበዛበት መንደር፣ ትኩነሽ የምትባል ሴት ነበረች። ልጇ ድንቅነሽ አርግዛለች። በዚያ አገር የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ አራሷን ነፋስ እንዳይመታት ደግሞ በሩ ጥርቅም ብሎ መዘጋት አለበት። የትኩነሽ በር ግን አይዘጋም። የልጇ አማት መጥታ አየችና፣ "ትኩነሽ፣ ይሄ በር ካልተዘጋ ምራቴ እኔ ቤት ትወልዳለች" ብላ ቁርጡን ነገረቻት። ትኩነሽ በሩ ፊት ቆመች።

"በር ሆይ፣ ተዘጋ" አለችው።

"መቃኑ ቀጥ ካላለ አልዘጋም" አለ በሩ።

ወደ መቃኑ ዞረች። "መቃን ሆይ፣ ቀጥ በል፤ በሩ አልዘጋም አለ።"

"ምስጡ ካልተወኝ ቀጥ አልልም" አለ መቃኑ።

ጎንበስ አለች። "ምስጥ ሆይ፣ መቃኑን ተው፤ መቃኑ ቀጥ አልልም አለ፣ በሩ አልዘጋም አለ።"

"እናታችን እያለች አልተውም። እሷ ትወልዳለች፣ እኛ እንበላለን" አለ ምስጡ እያላመጠ።

ከግድግዳው ሥር አንዲት ሳጥን ተቀብራለች። የቀበረቻት የግብርና ባለሙያዋ ናት። ውስጧ በመድኃኒት የተነከረ እንጨት አለ፤ ምስጡ በልቶ ለእናቱ እንዲያጎርሳት። "እትዬ ትኩነሽ፣ አይነካኩት፤ ዝም ብለው ይጠብቁ" ብላትም ነበር። እሷ እቴ! ዝም ማለት መቼ ታውቅና።

"ሳጥን ሆይ፣ እናቲቱን ግደዪ፤ ምስጡ አልተውም አለ፣ መቃኑ ቀጥ አልልም አለ፣ በሩ አልዘጋም አለ።"

"ምስጡ ካልመጣልኝ አልገድልም። ዙሪያዬን የተቃጠለ ዘይት ይሸታል፤ ማን ይጠጋኛል?" አለች ሳጥኗ።

"ዘይት ሆይ፣ ጥፋ፤ ሳጥኗ አልገድልም አለች፣ ምስጡ አልተውም አለ፣ መቃኑ ቀጥ አልልም አለ፣ በሩ አልዘጋም አለ።"

"ዝናብ ካላጠበኝ አልጠፋም" አለ ዘይቱ።

ወደ ሰማይ አንጋጠጠች። "ዝናብ ሆይ፣ እጠበው፤ ዘይቱ አልጠፋም አለ፣ ሳጥኗ አልገድልም አለች፣ ምስጡ አልተውም አለ፣ መቃኑ ቀጥ አልልም አለ፣ በሩ አልዘጋም አለ።"

"ሰለቸኝ!" አለ ዝናቡ። "እኔ ሳጥብ ሰው መልሶ ያፈስሳል። የምታፈስሰው እጅ ካላረፈች አላጥብም።"

"የማን እጅ ናት እሷ? ቆይ ባገኛት!" ብላ ትኩነሽ ጣቷን ቀሰረች። ጣቷ በዘይት ጠቁሯል። ለካ ምስጥ ያባርራል ብላ፣ ከጋራዥ በጀሪካን ያመጣችውን ዘይት ጠዋት ጠዋት በቤቷ ዙሪያ ስታፈስስ የከረመችው ራሷ ናት። አፈረች። ጀሪካኗንም ለጋራዡ መለሰች።

እጇ አረፈች፣ ዝናቡ አጠበ። ዝናቡ አጠበ፣ ዘይቱ ጠፋ። ዘይቱ ጠፋ፣ ምስጡ ሳጥኗን አገኘ፤ በላና እናቱን አጎረሰ። እናቲቱ ሞተች፣ ምስጡ መቃኑን ተወ። መቃኑም የተበላው ሥሩ ተቆርጦ ድንጋይ ላይ ቀጥ አለ። ይህ ሁሉ በአንድ ጀንበር አልሆነም፤ እርግዝናም ቢሆን ጊዜ ይፈልጋል።

ድንቅነሽ በእናቷ ቤት ወለደች። ትኩነሽ ደስታው ቢያስፈነጥዛት፣ የምሥራቹን ለጎረቤት ልትናገር በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ሮጠች።

"እማዬ!" አለች አራሷ ከውስጥ፤ "ኧረ በሩን! ነፋስ ገባ!"

ትኩነሽ ተመልሳ ዘጋችው። ጥርቅም አለ።