አየር ላይ የቆመው ማዋለጃ ክፍል

ጋሽ ደምሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ በሙያ ትምህርት ቤት የቤት ንድፍ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው መጥቶ፣ «ጋሼ፣ አንድ ባልደረባዬ በስብሰባ መሀል ስህተቴን ነገረኝ። እውነቱን ነው። ላመስግነው ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ነው የሚመሰገነው?» ሲል ጠየቃቸው። እሳቸውም ይህን ነገሩት።

አንድ ንድፍ ሠሪ ነበረ። እጁ የተመሰገነ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ከተቀመጠ ምሳውን የሚረሳ ሰው ነው። ሙያውን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ግን ሌላው ስለ ሙያው ሲናገር መስማት አይወድም ነበር።

ለዚህ ሰው ከአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ሥራ መጣለት። ማዋለጃው አሮጌ ቤት ነው፤ ፊት ለፊቱ ለወላዶች አዲስ ማረፊያ ተሠርቷል፤ መሀሉ ጭቃ ነው። በክረምት የወለደች እናት በቃሬዛ ሆና ዝናብ እየወረደባት ነው የምትሻገረው። ባለፈው ዓመት አንዱ ቃሬዛ ተሸካሚ አዳልጦት እናትና ልጅ አብረው ወድቀው ነበር፤ በፈጣሪ ቸርነት ተረፉ። ስለዚህ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ በሁለቱ ቤቶች መካከል ጣራ ያለው መተላለፊያ እንዲሠራ ወሰነ። የጣራው ብረት ከተማ ተበይዶ፣ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው በመኪና መድረስ አለበት።

ንድፍ ሠሪው ሥራውን ጀመረ። የአሮጌውን ቤት ልክ ቀያሽ ልኮለታል፤ አዲሱን ማረፊያ ቀድሞውንም የነደፈው እሱ ራሱ ነው። ሁለቱን በአንድ ፋይል ላይ አኖራቸው። በመሀላቸው ያለውን ቦታ ቀለም ሊሞላው ሲል ኮምፒውተሩ መሥመሮቹ አልተገናኙም ብሎ እምቢ አለው። አቅርቦ ቢያይ ተገናኝተዋል። ተናደደና ቀለሙን ትቶ አለፈ። ከበር እስከ በር ያለውን ርቀት ለካ፤ አሥራ አምስት ሜትር አለው። ያንኑ ጻፈ።

ንድፉ በወረዳው ከተማ በተደረገ ስብሰባ ላይ ቀረበ። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ሲስተር አምሳለ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና፣ «ይቺ ቁጥር ልክ አይደለችም። ከበር እስከ በር ከአሥራ ሁለት ሜትር አይበልጥም» አለች።

ንድፍ ሠሪው ፈገግ አለ። «ሲስተር፣ እርስዎ የለኩት በእርምጃ ይሆናል። ይሄ በኮምፒውተር ነው።»

ሰዉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«አዎ፣ በእርምጃ ነው፤» አለች፤ «ወላድ ደግፌ ነው የለካሁት።»

ሳቁ ቆመ። ቢሆንም ተሰብሳቢው የባለሙያውን ቃል ተቀብሎ ንድፉን አጸደቀ፤ ወረቀቱም ለብየዳ ቤቱ ተሰጠ።

ንድፍ ሠሪው ቢሮው ተመልሶ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ሐሳቡ እንደተሳሳተች የሚያሳይ ማስረጃ ልኮ አፏን ሊያስይዛት ነበር። ሁልጊዜ ንድፉን የሚያየው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ያን ዕለት ግን በጎን አዞረው። እንዳዞረው ደርቆ ቀረ። አዲሱ ማረፊያ መሬት ላይ ተኝቷል፤ አሮጌው ማዋለጃ ግን ዘጠኝ ሜትር ሽቅብ አየር ላይ ቆሟል። ቀያሹ ከፍታውን የለካው ከታች ካለው ወንዝ ጀምሮ ኖሮ፣ ያ ቁጥር በእያንዳንዱ መሥመር ላይ ተጣብቆ መጥቷል። ሁለቱ ቤቶች በእውነቱ አንድ ሜዳ ላይ ናቸው። ኮምፒውተሩ ደግሞ የለካው ከምድር ወደ ሰማይ በሰያፍ ሽቅብ ነው፤ አሥራ አምስት የመጣው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ ቀያሹን ሊወቅስ ቃጣው። ቀጥሎ ቁጥሩን ዝም ብሎ ለውጦ «የተሻሻለ ንድፍ» ብሎ መላክ አማረው፤ ማንም አይጠይቀውም። ግን ያ ሳቅ ጆሮው ላይ ቀረበት። ያሳቀው እሱ ነበር።

ከፍታው ለጎርፍ መውረጃው ሥራ ስለሚያስፈልግ ፋይሉን በሌላ ስም አስቀመጠ። ከዚያ በመተላለፊያው ንድፍ ላይ መሥመሮቹን ሁሉ መርጦ ከፍታቸውን ዜሮ አደረገ። ክፍሉ ከአየር ወረደ፤ መሥመሮቹ ተገናኙ፤ እምቢ ያለው ቀለምም ወዲያው ሞላ። ርቀቱን እንደገና ለካ፤ አሥራ ሁለት።

ወደ ብየዳ ቤቱ ደውሎ ሥራውን አስቆመ። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ጤና ጣቢያው ድረስ ሄደ። ንድፉን ያጸደቁት ሰዎች እንዲሰበሰቡ ለምኖ መሀላቸው ቆመና፣ «ሲስተር አምሳለ ልክ ነበሩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ኮምፒውተሬ ላይ ማዋለጃውን ዘጠኝ ሜትር አየር ላይ ሰቅዬው ነበር። ያሾፍኩትም እኔ ነኝ» አለ። ሜትር አውጥቶ አንዱን ጫፍ ለእሷ ሰጣት፤ ሌላውን ይዞ ጭቃ ለጭቃ ተሻገረ። ቁጥሩንም ጮክ ብላ እንድታነብ ጠየቃት።

«አሥራ ሁለት!» አለች፤ ሳቋ መጣ። «እኔ እኮ ማዋለጃዬን አየር ላይ እንደሰቀልከው አላወቅሁም ነበር!»

ሰዉ ዳግመኛ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። አፍራለሁ ብሎ ሲፈራ የኖረው ሰውዬ ከትከሻው ሸክም የወረደለት መሰለው።

ብረቱ መጥቶ ልክክ አለ። በዚያው ሳምንት ዝናቡ ገባ፤ ሲስተር አምሳለም ደወለችለት። «ዛሬ አንዲት እናት መንታ ታቅፋ ሳትረጥብ ተሻገረች» አለችው። እሱም፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሲስተር» አላት። እሷም፣ «ኧረ ለእኔ ነው እንዴ? አመስጋኟስ እኔ ነኝ» አለችው።

ጋሽ ደምሰው ይህን ተናግረው ወደ ተማሪያቸው ዞሩ።

«አንተም እንደዚያ ክፍል ነህ፣ ልጄ። ከላይ ለሚያይህ ከሰውየው ጋር ተገናኝተሃል፤ ሰላም ትለዋለህ፣ እጁን ትጨብጠዋለህ። በጎን ሲያዩህ አየር ላይ ነህ። ያ ከፍታ ደግሞ የራስህ አይደለም፤ ከሹመትህ፣ ከዲግሪህ፣ ሰው ካሞገሰህ ሙገሳ ተለክቶ የተጣበቀብህ ነው። አፍህ እምቢ ያለው ለዚህ ነው። ከዚያ ላይ ሆነህ ስትለካው ምስጋናው ይርቅብሃል። ውረድ። እውቀትህ የትም አይሄድም፤ ለሚያስፈልግበት ቦታ ይቀመጥልሃል። ከወረድክ በኋላ ርቀቱን እንደገና ለካው። ስብሰባችሁ መቼ ነው?»

«ሐሙስ» አለ ተማሪው።

«እንግዲያው ሐሙስ፣ ያኔ የሰሙት ሰዎች ሁሉ ባሉበት፣ ‹ልክ ነበርክ› በለው። እሱ ነው ምስጋናው።»