አጥሯን በጽጌረዳ የለወጠችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሲገባ የወረደ ጉም እስከ መስከረም በማይነሣበት ደጋ፣ ጎረቤቶቿ እመት አህይት የሚሏት አህያ ትኖር ነበር። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት አንድ ጎጆ፣ ጎጆዋን የከበበ የግራር እሾህ አጥርና በደጃፏ የበቀለች አንዲት ቀይ ጽጌረዳ ብቻ ነበር። አጥሩ ደግሞ አጥር ነው! አያ ጅቦ አንድ ቀን ሊጥሰው ሞክሮ፣ አፍንጫው ላይ የተሰካውን እሾህ ሲነቅል ሳምንት ከርሟል። እመት አህይት ግን አጥሯን ዞር ብላም አታየው። ጠዋት ስትነሣ «እንደምን አደርሽ» የምትለው ለጽጌረዳዋ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቀበሮ ከገበያ ሲመለስ አንዲት ነጭ ጽጌረዳ ከነሥሯ በቅጠል ጠቅልሎ በሯ ላይ ቆመ።

«እሜቴ፣ ይህች ቀይ ብቻዋን ስትቆም አታሳዝንሽም? ጓደኛ አምጥቼላታለሁ።»

«በምን ልግዛት አያ ቀበሮ? እኔ ከገለባ በቀር ምን አለኝ?»

«ገንዘብ ማን ጠየቀሽ! የኔ ጎጆ አጥር የለውም። ከዚህ ከእሾህሽ አንድ ሸክም ብትሰጪኝ ይበቃኛል። ክፍተቱ ላይ ይህችን ትተክያታለሽ። ጽጌረዳስ ብትሆን እሾህ የላትም እንዴ?»

እውነት ነው፣ ጽጌረዳ እሾህ አላት። እመት አህይት «ምን ይጎዳኛል» ብላ ሰጠችው። ነጯ በክፍተቱ ስትቆም ግቢው የሰርግ ቤት መሰለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሮዟ መጣች። ከዚያ ወይን ጠጇ፣ ከዚያም ሌሎች ሁለት። በየሳምንቱ እመት አህይት «ይቺ የመጨረሻዬ ናት» ትላለች፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሲነጋ ደግሞ ጆሮዋ ከእሷ ቀድሞ ይቆማል። አምስት ሸክም እሾህ ወጣ፣ አምስት ጽጌረዳ ገባ። ከአጥሩ የቀረው በበሩ አጠገብ ያለ አንድ ሸክም ብቻ ሆነ። ቀበሮም ሲሄድ «በቀጣዩ ቅዳሜ ቢጫዋን አመጣልሻለሁ። አገር ላይ አንዲት ናት» ብሎ ልቧን አንጠልጥሎት ሄደ።

የቀበሮ ጽጌረዳዎች ግን እንደ ሌላ ጽጌረዳ አልነበሩም። ንብ አይቀርባቸውም። ሌላ አበባ ፊቱን ወደ ብርሃን ያዞራል፤ እነዚህ ግን ሁሉም ወደ ጎጆዋ በር ዞረው ነው የሚከፈቱት። ወደ ጓሮ ስትሄድ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ቀስ ብለው ወደ ጓሮ ይዞራሉ። እመት አህይት መጀመሪያ ደነገጠች። ኋላ ግን «ወደውኝ ነው» ብላ ራሷን አጽናናች።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጎረቤቷ እማማ ጃርት ልትጠይቃት መጣችና የነጯን ሥር አሸተተች። ፊቷ ተለወጠ።

«እኔ ኑሮዬ ከሥር ጋር ነው፤ ሥር አይዋሸኝም። ይህ አፈር ያንቺ ግቢ አፈር አይደለም። ፍየል ፍየል ይላል።»

«የየትኛዋ ፍየል?»

«ከጉብታው ማዶ የነበረችው ናታ! ያቺ አበባ ወዳዷ።»

እመት አህይት ፍየሏን ታውቃታለች። አንድ ጠዋት በሯ ወለል ብሎ ተከፍቶ ቤቷ ባዶ ተገኘ። ቀበሮ «ቆላ ዘመዶቿ ዘንድ ወርዳለች» አለ፤ ሰፈሩም አመነ፤ ጠያቂ አልነበረም።

«ስትሄድ ሸጣለት ይሆናላ» አለች እመት አህይት፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«ሳይቃጠል በቅጠል፣ እህቴ። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እየጣልሽ ነው» አለችና ጃርት ወጥታ ሄደች።

እመት አህይት ፈራች። እውነትም ፈራች። ይሁንና ጃርት ከመሄዷ፣ ከጽጌረዳዎቹ ጀርባ፣ ከጉሙ ውስጥ ድምፅ ተሰማ። ሻካራ ነው፤ ለስላሳ ለመሆን ይታገላል።

«ቀይዋ አለች… ነጯ አለች… አቤት ማማር! ቢጫዋስ መቼ ነው የምትመጣው?»

ፍርሃቷ ብን ብሎ ጠፋ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ግቢዋን እያደነቀላት! አንገቷን ቀና አድርጋ «ቅዳሜ!» ብላ መለሰች።

«ቅዳሜ…» ድምፁ ምራቁን ዋጠ። «ቅዳሜ ከአርብ በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ ነው እንጂ!»

«ወይ ጉድ፣ ሩቅ ነው» አለና ድምፁ እያነከሰ ራቀ።

ቅዳሜ ደረሰ። ጉሙ እንደዚያ ቀን ወፍሮ አያውቅም፤ እመት አህይት የራሷ ሰኮና አይታያትም። ቢጫዋ ጽጌረዳ ግን በቀበሮ እጅ ላይ እንደ ኩራዝ ታበራ ነበር። እመት አህይት ልትቀበል ስትጠጋ ከሥሯ ጋር የተጠላለፈ ነገር አየች። ነጭ የፍየል ጢም ነው።

ማየቷን ቀበሮ አየ። አበባዋን ብቻ ትንሽ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋላት።

«ልመልሳት እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ።

«አይ… አይ ተዋት። ግን ይቺ የመጨረሻዬ ናት።»

«እንዴታ!» አለ ቀበሮ። የመጨረሻውን ሸክም ተሸክሞ ወደ ወንዝ ማዶ ተሻገረ።

ቢጫዋን ተክላ አፈሩን በሰኮናዋ ስትደለድል፣ ያ ድምፅ ከጀርባዋ መጣ። አሁን ለስላሳ ለመሆን አልደከመም።

«ቢጫዋ መጣች?»

አያ ጅቦ ነበር! ፍየሏ አጥሯን በምን እንደለወጠች፣ ቤቷ ለምን ባዶ እንደተገኘ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባት። ቀና ስትል ጽጌረዳዎቹ በሙሉ ወደ እሷ ዞረዋል።

«አ… አልመጣችም» አለች።

«ቀበሮ ‹ቢጫዋ ከገባች እሾሁ አልቋል፣ ያኔ ግባ› ብሎኛል። ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው። አዲስ ሽታም ሸቶኛል። እስቲ ልይ!»

ያን ጊዜ እንኳ፣ ሞት በሩ ላይ ቆሞ፣ እመት አህይት ያሰበችው ቢጫዋን የት እንደምትደብቃት ነበር። መደበቂያ የለም። ጎንበስ አለችና ነክሳ ነቀለቻት፤ ከነእሾኋ፣ ከነአፈሯ፣ ከነጢሙ አላመጠቻት። ከንፈሯ ተቀዳደደ። እያለቀሰች ዋጠቻት።

የጅቦ ራስ በአበቦቹ መሐል ብቅ አለ።

«ቀይ… ነጭ… ሮዝ… ቢጫ የለችም። አፍሽ ምን ሆኖ ነው የደማው?»

«ጽጌረዳዬን ስስማት ወግታኝ ነው።»

«ቢጫዋ ከሌለችማ እሾሁ አንድ ቦታ አለ ማለት ነው!» ብሎ ጅቦ አፍንጫውን ሸፍኖ ወደ ኋላ ዘለለ። «ይህ ቀበሮ ዋሽቶኛል። ሄጄ ልጠይቀው።»

ቀበሮ ከተሻገረ ወዲህ ወንዙ ሞልቶ ነበርና ጅቦ ተሻግሮ እስኪመለስ ቀኑ መሸ። እስከዚያ እመት አህይት እየሮጠች ሄዳ እማማ ጃርትን ጠራቻት። ሁለቱ ከጫካው ግራር እየጎተቱ ሲያጥሩ ዋሉ። ጽጌረዳዎቹን ሁሉ ነቃቅላ ገደል ከተተቻቸው፤ የራሷ ቀይም ከሌሎቹ ጋር ስትዞር አይታታለችና አልማረቻትም። ጅቦ ሲመለስ ድርብ እሾህ ጠበቀው፤ አጥሩን ዞሮ ዞሮ፣ ቀበሮን እየረገመ ሄደ።

በሳምንቱ፣ ቅዳሜ፣ ከአጥሩ ውጭ የቀበሮ ድምፅ ተሰማ።

«እሜቴ፣ ለመሸጥ አልመጣሁም። ይህችን ሳላሳይሽ ባልፍ ይቆጨኛል ብዬ ነው።»

እመት አህይት ከንፈሯ ገና አልሻረም። ጎጆዋ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቀበሮ ግን አልሄደም፤ አበባዋን ይዞ ከአጥሩ ሥር ተቀመጠ። ብዙ ቆይቶ ከጎጆው ውስጥ ቀጭን ድምፅ ወጣ።

«ቀለሟ… ምን ዓይነት ነው?»

ከዚህ የምንማረው፣ «ይቺ የመጨረሻዬ ናት» እያለ ለምኞቱ አጥሩን የሸጠ፣ አጥሩን መልሶ ቢያጥርም እንኳ ጆሮውን ካልዘጋ ገና በሩ ክፍት መሆኑን ነው።