ድንጋይ የዋጠው ቃል

አንድ ጊዜ፣ ጥርሱም ዘመዱም ያለቀበት ሽማግሌ አንበሳ ከአንድ ገደል ሥር ይኖር ነበር። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጆቹ ሌላ ዱር ሄደው የራሳቸውን ግዛት ይዘዋል። ከሳምንቱ ስድስቱን ቀን የሚያናግረው የለም። ድምፁ እንዳይጠፋበት ብሎ ለራሱ «እህ» ይላል፤ ገደሉም «እህ» ብሎ ይመልስለታል። ይኼንንም እንደ ጨዋታ ቆጥሮት ነበር፣ ምን ያድርግ።

ቅዳሜ ግን ሌላ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራዊቱ ሁሉ ከገደሉ ሥር ባለው ሜዳ ይሰበሰቡና አንበሳ ተረት ያወራላቸዋል። በዚያ ቀን ማንም ማንንም አይበላም፤ ሕግ ነው። አያ ጅቦ ሳይቀር ሚዳቋ ጎን ይቀመጣል። ምራቁን እየዋጠ ነው፣ ግን ይቀመጣል።

የአንበሳው ተረት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በገዛ ራሱ ላይ የደረሰ። ወጣት ሳሉ፣ እሱና ታላቅ ወንድሙ፣ ወንዝ ሞልቶ አራዊቱን መሀል ደሴት ላይ ከበባቸው። ሁለቱ እየዋኙ፣ አንዱን በጀርባቸው ሌላውን በአፋቸው ይዘው፣ ሁሉንም አወጡ። በመጨረሻ ጎርፍ ያመጣው ግንድ የወንድሙን እግር ሰበረው። ታናሹ ሊያወጣው ሲመለስ፣ ወንድሙ ሁለቱም እንደሚያልቁ አየና አንዲት ቃል ተናግሮት ውኃው ወሰደው። ቃሏን አሁን አልነግራችሁም፤ ቆይታ ትመጣለች።

እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ አንበሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራትና አንገቱን ይደፋል። ሜዳው ጸጥ ይላል። ጅግራ እንኳ፣ ያቺ አፏ የማያርፈው፣ ዝም ትላለች።

በዚያ አገር ደግሞ ተረት ሰምቶ እንዲሁ ተነሥቶ መሄድ ነውር ነበር። ከሰሚዎቹ አንዱ ከኋላ ቀርቶ ከራሱ ሕይወት አንድ ነገር ያወራል፤ «ምላሽ» ይሉታል። አንድ ቅዳሜ ጃርት ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደተጣላ ይነግረዋል፤ ሌላ ቅዳሜ ጦጢት ስለ እናቷ ታወራለታለች። አንበሳ ሳምንቱን የሚገፋው በዚያች ምላሽ ነበር። ሰኞ ያስባታል፣ ማክሰኞ ብቻውን ይስቅባታል፣ ሐሙስ ደግሞ «እንዲህ ብዬው ቢሆን ኖሮ» ይላል። ቅዳሜም ይደርሳል።

እመት ቀበሮም ከዚያ አትጠፋም። የሚመጣው ሁሉ ለአንበሳ አጥንት ይዞ ይመጣል፤ አንበሳ ጥርስ የለውም፤ እንግዲህ አጥንቱ የማን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ።

ታዲያ በአንዱ ቅዳሜ፣ አንበሳ ስለ ጎርፉ እያወራ ሳለ፣ ከገደሉ ጫፍ አንድ ቋጥኝ በራሱ ጊዜ ተፈንቅሎ ወረደ። መሬት ተናወጠ፣ አቧራው ሰማይ ነካ። አራዊቱ ዘለው ተነሡ። ማንም እንዳልተጎዳ ሲያዩ ግን ደስታቸው ወሰን አጣ። አያ ጅቦ ሆዱን ይዞ እየሳቀ «ይደገም!» አለ።

ሁሉም ስለ ቋጥኙ እያወሩ ሲበተኑ ቀበሮ ወደ አንበሳው ጠጋ አለች።

«አያ አንበሶ፣ የዛሬውን አዩ?»

«አየሁ። ወንድሜ ቃሉን ሳይናገር ተነሡብኝ። ምላሽም አልመለሱልኝ።»

«ቃሉን መቼ አጡት፣ ሁልጊዜ የሚሰሙት ነው። ዛሬ ያስደሰታቸው ድንጋዩ ነው። ለእኔ ይተዉልኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሜዳው ይጠባል።»

አንበሳ ወደ ባዶው ሜዳ ዞር ብሎ አየ። ሜዳው ሲጠብ ታየው። ብቸኝነት ክፉ ነው፤ የማይሆነውን ያስመኛል።

«እንዳልሽ» አላት።

ቀበሮም ገደል ወጥታ እዚያ ለሚኖሩት ዝንጀሮዎች አለቃ ለገመሬው ነገረችው። ወንድምየው የሚናገራትን ቃል በጆሮው አስይዛ «ይቺን ቃል እንዳለ ድንጋዩን ልቀቁት» አለችው።

እውነትም በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜዳው ጠበበ። ከወዲያኛው ዱር ሳይቀር መጡ። ቃሏ ተነገረች፣ ድንጋዩ ወረደ፣ አገር ተደባለቀ። አንበሳ ያን ሁሉ ፊት ሲያይ ልቡ ሞቀ። አቧራው ሲረግብ ግን ሜዳው ላይ እሱ ብቻ ነበር የቀረው።

«ምላሽ የለም?» አለ ቀበሮን።

«ድንጋዩ አንሶ ነው» አለችው፣ አጥንቷን እየቆረጠመች።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሁለት ድንጋይ ሆነ። በአራተኛው አራት ሆነና ደረቅ ሣርም ተቃጠለ። በአምስተኛው ዝሆኖች መሬት ይረግጡ፣ ጅቦች ከየጥሻው ይጮኹ ጀመር። ዝንጀሮ ደግሞ ትዕግሥት የት ያውቃል፤ ቃሏን መጠበቁ ሰለቻቸውና አንበሳ ገና «ወንዙ ሞላ» ሲል መልቀቅ ጀመሩ። አንበሳ መጀመሪያ ሰሞን በድንጋዩ ላይ ሊጮህ ሞከረ። ጉሮሮው ነደደ፤ የሚሰማውም የለም። ከዚያ ወዲያ እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ አፉን ብቻ ከፍቶ ይዘጋ ነበር። በዚያ አቧራ ውስጥ ማን ያየዋል?

እናንተም ሲኒማ ቤት ገብታችሁ፣ የሚበረው ጀግና ግማሽ ከተማ ሲንድ እያያችሁ አዛግታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ የቀረውን ሳልነግራችሁ ትገምታላችሁ። በሰባተኛው ቅዳሜ፣ ድንጋዩ ሁሉ እየወረደ ሳለ፣ ጅግራ እንቅልፍ ወሰዳት። ጦጢት ቀሰቀሰቻት።

«አለቀ?» አለች ጅግራ።

«እየፈረሰ ነው።»

«ባለፈውስ ፈርሶ አልነበር?»

«ከባለፈው በፊትም ፈርሷል። እኔስ ለሚፈርስ ገደል ይኼን ሁሉ መንገድ ምን አስኬደኝ፣ ቤቴ በር ላይ አለልኝ» አለች ጦጢት፤ ልጇን አዝላ ሄደች። ጅግራም ተከተለቻት።

ሌሎቹም እንደዚሁ አንድ በአንድ ቀሩ። ከነባሮቹ አያ ጅቦ ብቻ እስከ ዘጠነኛው ቅዳሜ ጸንቶ ነበር። ያን ቀን ገና ሳይጀመር ቀበሮን «ዛሬ ስንት ድንጋይ ነው?» አላት።

«አሥራ ሁለት።»

«ባለፈውም አሥራ ሁለት ነበር» አለና ተነሥቶ መንገድ ገባ። ድንጋይ እንኳ አይጠግብም፣ ጅብ።

ጅብ ከሄደ አጥንት የሚያመጣ አልቀረም። ቀበሮም «አክስቴ ታማብኛለች» ብላ በዚያው ቀን ወጣች። ይህች አክስት በየት በኩል እንደምትዛመዳት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

አሥረኛው ቅዳሜ ደረሰ። አንበሳ ወደ ሜዳው ወጣ። ማንም የለም። ተመልሶ ዋሻው ሊገባ አሰበ፤ ነገር ግን ዋሻው ውስጥ ያለውን ያውቀዋል። ስለዚህ ለባዶው ሜዳ ማውራት ጀመረ። ስለ ወንድሙ አወራ፣ ስለ ደሴቱ አወራ። «ወንዙ ሞላ» ሲል፣ የከለከላቸው አልነበረምና ዝንጀሮዎቹ ድንጋዩን ለቀቁት። አንበሳ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። አንገቱን ደፋ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ብቻውን ሆኖ አያውቅም።

አቧራው ሲገለጥ፣ ከሜዳው ጥግ አንዲት አህያ ቁጭ ብላ አያት። አቧራ ለብሳ ጆሮዋ ብቻ ነው የሚለየው።

«አንቺ ደግሞ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው» አለች አህያ። «ወንድምዎ በመጨረሻ ምን አለዎት?»

«አልሰማሽም?»

«እኔ ለአገሩ እንግዳ ነኝ። የመጣሁት ድንጋዩ ከተጀመረ ወዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳላጓድል እመጣለሁ፤ እዚያች ቃል ላይ ሳይደርሱ ድንጋዩ ይወርዳል። ከአያ ጅቦ ጎን እየተቀመጥኩ፣ ነፍሴን ይዤ፣ ዛሬስ እሰማ ይሆናል እያልኩ ስመላለስ ከረምኩ።»

«ለአንዲት ቃል ብለሽ?»

«አምና እህቴን ጎርፍ ወሰዳት። እኔ ዳር ላይ ነበርኩ። ዞር ብላ የሆነ ነገር ብላኝ ነበር፤ በውኃው ጩኸት አልሰማኋትም። ይኸው ዓመት ሙሉ ምን ብላኝ ይሆን እላለሁ። የእርስዎ ወንድም ያለውን ብሰማ የእሷን የሰማሁ ያህል ይሆንልኛል ብዬ ነው።»

አንበሳ ይኼን ሲሰማ አጠገቧ ሄዶ ቁጭ አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። አፉን ከፈተ።

ቃሏ የለችም።

እንደገና ከመነሻው ጀመረ። ወንዙ ሞላ፣ ግንዱ መጣ፣ እግሩ ተሰበረ፣ ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝና «…»። የለችም። ስንት ቅዳሜ አፉን በባዶው ሲከፍትና ሲዘጋ ስለከረመ፣ ከወንድሙ የቀረችው አንዲት ነገር ከአፉ ወጥታ ጠፍታለች። ስንት ድንጋይ እንደወረደ ግን አንድ ሳይቀር ያስታውሳል።

«ጠፋችብኝ» አለ አንበሳ፤ አለቀሰም። «ወንድሜ ሁለተኛ ጊዜ ሞተብኝ።»

አህያ ጆሮዋን ጣለች። የሷም ተስፋ በዚያው ተቆርጦ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ በዚያ ሜዳ ጸጥታ ሆነ።

ጸጥታው ገደሉ ላይ ለነበሩት ዝንጀሮዎች እንግዳ ሆነባቸው። ገመሬው ከገደሉ ጫፍ አጎንብሶ አየ፤ ሽማግሌው ሲያለቅስ ሰማ። ቀስ ብሎ እየተንጠላጠለ ወረደና ከፊታቸው ቆመ።

«አያ አንበሶ፣ እኔ አልረሳኋትም» አለ። «እመት ቀበሮ በመጀመሪያው ቀን በጆሮዬ አስይዛኛለች፤ ድንጋዩን የምንለቅባት እሷ ነበረች። ኋላ ቸኮልንባት እንጂ።»

«ንገረኝ» አለ አንበሳ።

ገመሬው እንደ አንበሳው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድምዎ ያለው እንዲህ ነው። "አንተ ሂድ፤ ብቻህን ግን አትቀመጥ።"»

አንበሳ ባዶውን ሜዳ አየ። በድንጋይ የተሞላ ነበር፤ ቀድሞ አራዊቱ የሚቀመጡበት ቦታ ሁሉ ድንጋይ ተቀምጦበታል። ወንድሙ ሲሞት አደራ ያለው ይህንኑ ነበር፤ እሱም በገዛ እጁ ድንጋይ እያስለቀቀበት ብቻውን ተቀምጦ ቀረ።

አህያ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ቃሏን ሁለት ጊዜ በሹክሹክታ ደገመቻት፤ እንደገና እንዳትጠፋ ብላ ይሁን፣ በእህቷ ድምፅ ለመስማት ይሁን፣ እሷ ታውቃለች። ከዚያ ወደ አንበሳው ጠጋ አለች።

«ጌታዬ፣ ምላሽ አለብኝ» አለች።

ስለ እህቷም ታወራለት ጀመር፤ ገመሬውም ሳይሄድ ቁጭ ብሎ ሰማ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ድንጋይ አልወረደም። የመጡት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ አንበሳ ግን ቃሏን በገዛ አፉ ተናገራት፣ ሁለቱም ሰሟት።

ከዚህ የምንማረው፣ የተረቱን ልብ በድንጋይ ጩኸት የሸፈነ ተራኪ፣ መጀመሪያ ሰሚዎቹን፣ ቀጥሎም ሊናገር የመጣውን ቃል ራሱን እንደሚያጣ ነው።