ሁለት ሜትርና አንድ ትሪ

አንድ የመሬት ቀያሾች ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ፤ ደምመላሽ ይባላሉ። አርፎ መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ሻይ እንኳ ቆመው ነው የሚጠጡት። ያ ክፉ ወረርሽኝ በገባበት ዓመት ደግሞ ጭራሽ ባሰባቸው፤ የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ እየደረሰ ነበርና።

በየአገሩ የተበተኑት ቀያሾች በዓመት አንዴ የሚተያዩት በዚህ ጉባኤ ነው። ምሳ ሲደርስ ትሪ ከበው ይበላሉ። የሁሉም አስተማሪ የነበሩት አዛውንቱ ጋሽ ወልደሰንበት ደግሞ በዚያ ዓመት ወደ ሙያው የገባውን ሁሉ በእጃቸው ያጎርሱታል። ከእሳቸው እጅ ያልጎረሰ፣ ቀያሽ ነኝ ቢል ማንም አያምነውም። ጋሽ ወልደሰንበት ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሳንባቸውም ታማሚ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግን ከአንድም ጉባኤ ቀርተው አያውቁም። "ጠሪ አክባሪ ነው" ይላሉ፤ ከተጠሩ ይመጣሉ።

የማኅበሩ ጸሐፊ ትርሲት ሐሳብ አቀረበች። "ዘንድሮ በኢንተርኔት እናድርገው፤ ሁሉም ከየቤቱ ይሰብሰብ። ጋሼን ይህ በሽታ ቢይዛቸው አይተርፉም።"

"ምን ነካሽ ልጄ!" አሉ ሊቀመንበሩ እየተንጎራደዱ። "ጋሼን የሚያህል ሰው በስልክ መስታወት ላናግር ነው? ደግሞስ ተራራቁ ከተባለ ከእኛ በላይ ርቀት የሚያውቅ ማን አለ?"

ይህን ብለው ሜትራቸውን ይዘው አዳራሽ ገቡ። ከወንበር ወንበር ሁለት ሜትር ለኩ፤ ወለሉን በጠመኔ አሰመሩ። ሲጨርሱ አንዱ ወንበር ሦስት ጣት የቀረበ መሰላቸውና ሁሉንም እንደ አዲስ ለኩ። በማግስቱም ተመልሰው ለኩ። ልባቸው ግን አልረጋ አለ። በሦስተኛው ቀን ትርሲትን ጠሯት።

"እዪ! ከፈለግሽ ራስሽ ለኪው። አንዲት ሴንቲ ካጎደልኩ ከሊቀመንበርነቴ ልውረድ!"

ትርሲት በመስመሮቹ መሃል ተዘዋወረች። እውነትም አንዲት ሴንቲ አልጎደለችም።

"ምሳስ?" አለች።

"ምሳ ምን ሆነ?"

"እንዴት ነው የሚበላው?"

"እንደ ወትሮው ነዋ! በትሪ..." አሉና ቀሪው አፋቸው ውስጥ ቀረ።

እስቲ ፍረዱ! ሦስት ቀን ሙሉ ወንበር ሲለካ የከረመ ሰው፣ ያንን ሁሉ ቀያሽ ትከሻ ለትከሻ አንድ ትሪ ላይ ሊያጣብቅ ነበር። ወንበር እኮ አያጎርስም። የሚያጎርሰው ሰው ነው፤ የሰውን ልማድ ደግሞ ማንም አልለካውም።

"በቃ፣ ምሳው ለየብቻ በሳህን ይሁን" አሉ። "ጉርሻውም ዘንድሮ ይቅር።"

"እሺ፣ ይቅር። ጋሼ ጠቅልለው እጃቸውን ሲዘረጉ 'አልጎርስም' የሚላቸው ማነው? እርስዎ ይሏቸዋል?"

ሊቀመንበሩ ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ተመለሱ፤ እንደገና ሄዱ። በመጨረሻ ራሳቸው ከደረደሯቸው ወንበሮች በአንዱ ላይ ዘፍ አሉ።

"አልላቸውም" አሉ። "አልችልም። እሳቸውም ከጠራኋቸው አይቀሩም። ፈራሁ፣ ትርሲት። አንድ ነገር ቢሆኑ ቀብራቸው ላይ በምን ዓይኔ ልቆም ነው?"

ጉባኤው በኢንተርኔት ሆነ። እውነቱን እንናገር ከተባለ አላማረበትም። አንዱ ሲናገር የሌላው ዶሮ ይጮኻል፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ከጋሽ ወልደሰንበት ደግሞ የሚታየው ግንባራቸው ብቻ ነበር። ሊቀመንበሩ በየደቂቃው "ጋሼ፣ ይሰማል?" ይላሉ። አስቀየምኳቸው የሚለው ሐሳብ ውስጣቸውን ይበላቸው ነበር። መጨረሻ ላይ አላስቻላቸውም።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዘንድሮ ኑ ብለን አልጠራንዎትም።"

አዛውንቱ ሳል ያዛቸው።

"ልንገርህ፣ ደምመላሽ" አሉ። "ልጆቼ 'ዘንድሮስ አትሄድም' ብለው እግሬ ላይ ወድቀው አልቅሰዋል። እኔ ደግሞ ጫማዬን ወልውዬ ጥሪህን እጠብቅ ነበር። ብትጠራኝ እመጣ ነበር፤ መምጣት እንደሌለብኝ እያወቅሁ እመጣ ነበር። እምቢ ማለት አላውቅበትማ! ስላልጠራኸኝ ልጆቼ እፎይ አሉ። ተባረክ።"

ሊቀመንበሩ እንባቸውን መደበቅ አልቻሉም፤ ሁሉም አያቸው።

አንዳንድ የማኅበሩ አባላት ግን እስከ ዛሬ "ታዲያ ማን ታመመ? በከንቱ ተሰጋ እኮ!" እያሉ ሊቀመንበሩን ይተርቧቸዋል። ያልደረሰ ጉዳት በሜትር ተለክቶ አይታይም። በአዳራሹ ቢሰበሰቡ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እያሰቡ ሊቀመንበሩ አሁንም ሻያቸውን ቆመው ነው የሚጠጡት። ጋሽ ወልደሰንበት ደግሞ በሕይወት አሉ፤ ከዓመት በኋላ ወረርሽኙ በርዶ ጉባኤው ወደ አዳራሹ ሲመለስ የሁለቱን ዓመት አዲስ ቀያሾች አንድ ላይ አጎረሱ።

ወዳጄ፣ ጠሪ አክባሪ ነው፤ ይህ አባባል እውነት ነው። የምንጠራው ሰው እምቢ ማለት የማይችል ከሆነ ግን አደጋውን መመዘን ያለበት ጠሪው ነው። አንዳንዴ ሰውን ማክበር ማለት አለመጥራት ነው።

እርስዎስ፣ ዛሬ "ና" ቢሉት እየፈራም ቢሆን የሚመጣልዎ ሰው ማን ነው?